ውሃ ሲሸሽ ወፍ ይሰበሰባል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወፍ ልናይ እንጓዛለን። መድረሻችን በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ የምትገኘው ፍሎሪዳ ናት። ደቡባዊው ክፍሏ ከሐሩር ክልል ደጃፍ ላይ ያለ፣ መሬቱ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ያላለ፣ ረግረግና የማንግሮቭ ዛፍ የበዛበት አገር ነው። የምንሄደው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው።

አራት ቦታ እንቆማለን። መጀመሪያ በኮርክስክሩ ደን፣ ቀጥሎ በኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከዚያ ፍላሚንጎ በሚባለው የፓርኩ ባሕር ዳርቻ፣ በመጨረሻም ከባሕሩ መሐል ባሉት በድራይ ቶርቱጋስ ደሴቶች። ከጨው አልባው ውሃ ተነሥተን ወደ ጨዋማው እንወርዳለን ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ከመነሣታችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። የውሃ ወፍ ማየት የሚፈልግ ሰው መቼ ይሂድ? ብዙዎቻችን «ውሃው ሲሞላ» ብለን እንመልስ ይሆናል። በደቡብ ፍሎሪዳ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ከኅዳር ወዲያ ደረቁ ወቅት ይገባል። ክረምቱን ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖ የነበረው ውሃ እየሸሸ ይሄድና በመጋቢትና በሚያዝያ በየጉድጓዱና በየኩሬው ብቻ ይቀራል። በሰፊው ሜዳ ተበትኖ ሲራባ የከረመው ዓሣም ውሃውን ተከትሎ እዚያው ይታጎራል። ወፎቹ የሚጠብቁት ይህንን ቀን ነው። ዓሣ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ በሰፊ ውሃ ላይ ከተበተነ ለሚያድነው ወፍ አይያዝለትም፤ ጫጩት የሚያሳድገው ተሰብስቦ ሲገኝ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት ጭብጥ ይኸው ነው፦ ለረግረግ ወፍ የውሃው ብዛት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ውሃው የሚሞላበትና የሚጎድልበት ጊዜ መጠበቅ አለበት። በየማረፊያችን ይህንን በዓይናችን እናየዋለን።

ለጉዞው የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። ባይናኩላር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ባርኔጣ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት። ባይናኩላር ስትገዙ በላዩ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች እዩ። 8 በ42 የሚለው ለጀማሪ ይበቃል። 8 ማለት ወፉን ስምንት ጊዜ ያቀርበዋል ማለት ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊሜትር ነው። መስተዋቱ በሰፋ ቁጥር ጎህ ሲቀድና ሲደማመን የተሻለ ብርሃን ያስገባል። አያያዙም መላ አለው። መጀመሪያ ወፉን በዓይናችሁ ያዙት፤ ከዚያ ዓይናችሁን ከወፉ ሳትነቅሉ ባይናኩላሩን አንሡ። አስቀድሞ ባይናኩላሩን ዓይኑ ላይ ደግኖ ወፍ የሚፈልግ ሰው ቅጠል ሲያይ ይውላል።

(የንጋት ወፎች ድምፅ)

የመጀመሪያው ማረፊያችን ኮርክስክሩ ነው። ኔፕልስ ከተባለችው ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። የደኑ ዛፍ ሳይፕረስ ይባላል፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግ፣ በብርድ ጊዜ ቅጠሉን የሚያራግፍ፣ አንዳንዱም ብዙ መቶ ዓመት የቆየ ግዙፍ ዛፍ ነው። ጣውላ ቆራጮች የፍሎሪዳን ሳይፕረስ እየጨረሱ በነበረበት ወቅት፣ በ1954 ለወፎች ጥበቃ የቆመው የኦዱቦን ማኅበርና አጋሮቹ ይህንን ክፍል ገዝተው ከመጋዝ አስጣሉት። ዛሬ ሦስት ኪሎሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቶለታል። ጫማ ሳይርስ ረግረጉ መሐል ለመግባት ያስችላል።

እዚህ የምንፈልገው ዉድ ስቶርክ የተባለውን ሽመላ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ገላው ነጭ፣ የክንፉ ጠርዝ ጥቁር፣ ራሱና አንገቱ ላባ የሌለው መላጣ። መንቁሩ ወፍራምና ረጅም፣ ጫፉ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። አበላሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። እስከ ጉልበቱ በማይደርስ ድፍርስ ውሃ ውስጥ መንቁሩን ከፈት አድርጎ ይነክርና ቀስ እያለ ይራመዳል። በአንድ እግሩ ጭቃውን ይነካካል። ዓሣውን አያየውም፤ የሚያድነው በመዳሰስ ነው። አንድ ነገር መንቁሩን ነካ ሲያደርገው በአንድ ሰከንድ አርባኛ ክፍል ውስጥ ግጥም ያደርገዋል። የሰው ዓይን አንዴ ተርገብግቦ እስኪከፈት ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር የሚታየው ቢጫ መንቁር ያለው ሽመላ የዚህ ወፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አበላሉም አንድ ነው።

በመዳሰስ የሚያድን ወፍ ዓሣው ተጨናንቆ ካልጠበቀው ጦሙን ያድራል። አንድ ጥንድ ሽመላ ከነጫጩቶቹ በአንድ የመራቢያ ወቅት ወደ 200 ኪሎ ዓሣ እንደሚፈልግ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ስለዚህ ወላጆቹ ጎጆ የሚሠሩት ውሃው መጉደል ሲጀምር ነው። ድሮ በኅዳርና በታኅሣሥ ይጀምሩ ነበር፤ ጫጩቶቹም ዝናቡ ሳይመጣ በርረው ይወጡ ነበር። አሁን ግን ጅምሩ ወደ ጥርና የካቲት፣ አንዳንዴም ወደ መጋቢት ተገፍቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደረቁ ወቅት መጀመሪያ ቀድመው የሚጎድሉት፣ ለወፎቹም የመጀመሪያውን መብል የሚያቀርቡት ጥልቀት የሌላቸው ዳር ዳር ያሉ ረግረጎች ነበሩ። ለማጠንፈፍ ቀላል ስለሆኑም ለእርሻና ለቤት ቀድመው የተወሰዱት እነርሱ ናቸው። አሁን ሽመላው ጥልቁ ውሃ እስኪጎድል ይጠብቃል። ጫጩቶቹ ሳይጠኑ ግንቦት ይገባል፤ ዝናቡ ይጥላል፣ ውሃው ይሞላል፣ ዓሣው ይበተናል፣ ወላጆችም ጎጆ ጥለው ይሄዳሉ። ኮርክስክሩ በአንድ ወቅት በአገሪቱ ትልቁ የዚህ ሽመላ መራቢያ ነበር። ዛሬ ምንም ጎጆ ሳይታይ የሚያልፍባቸው ዓመታት አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዘን ኤቨርግሌድስ ገብተናል። ፓርኩን ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ታኅሣሥ 6 ቀን 1947 መርቀው ከፈቱት። በዚያው ዓመት ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ የተባሉ ጋዜጠኛ ስለ ኤቨርግሌድስ በጻፉት መጽሐፍ ቦታውን «የሣር ወንዝ» ብለው ሰየሙት። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው የሚያውቀው የማይረባ ረግረግ እንደሆነ ብቻ ነበር። እርሳቸው ያሳዩት ግን የሚፈስ ውሃ መሆኑን ነው። ከኦኪቾቢ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 160 ኪሎሜትር ያህል የሚሄድ፣ በብዙ አሥር ኪሎሜትር የሚሰፋ፣ በየኪሎሜትሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ በሚል መሬት ላይ እየተጎተተ የሚፈስ ውሃ ነው።

እዚህ አንሂንጋ በሚባለው መንገድ ላይ በእግር እንሄዳለን። ስሙን ያገኘው ከአንድ ወፍ ነው። አንሂንጋ አንገቱ እንደ እባብ የቀጠነ፣ መንቁሩ የሾለ ጥቁር ወፍ ነው። ጠልቆ ይዋኝና ዓሣውን በመንቁሩ ይወጋዋል። ከዚያ ብቅ ብሎ ዓሣውን ወደ ላይ ወርውሮ በራሱ በኩል ይውጠዋል። ላባው እንደ ዳክዬ ውሃ አይመልስም፤ ይበሰብሳል። መበስበሱ ለመጥለቅ ይጠቅመዋል፣ ሲወጣ ግን ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ መሞቅ ግድ ይለዋል። የአፍሪካው ዘመዱ በእኛም ሐይቆች ዳር ክንፉን ዘርግቶ ደረቅ ግንድ ላይ ቆሞ ይታያል።

ከመተላለፊያው ሥር አሊጌተሮች ተጋድመዋል፤ የአዞ ዘመዶች ናቸው። በአፍንጫቸውና በጅራታቸው ጭቃውን እየቆፈሩ የሚያሰፉት ጉድጓድ በደረቁ ወቅት ውሃ ይዞ ይቆያል። ዓሣው፣ ኤሊው፣ ወፉም እዚያ ይተርፋል። ወፎቹ ደግሞ አሊጌተር ካለበት ውሃ በላይ ባለ ዛፍ ላይ ጎጆ መሥራት ይመርጣሉ። እንቁላልና ጫጩት የሚሰርቀው ራኩን የተባለው እንስሳ አሊጌተሩን ፈርቶ ስለማይዋኝ ነው። የጥበቃው ዋጋ ግን አይቀርም፤ ከጎጆ የወደቀ ጫጩት የአሊጌተሩ ነው።

እዚህ ላይ ደብተራችሁን አውጡ። ጀማሪን የሚያስቸግረው አንድ ነገር አለ፤ ነጭ ወፍ ሁሉ አንድ ይመስላል። መላው መንቁርና እግር ማየት ነው። አንደኛ፣ ረጅም፣ ቢጫ መንቁር፣ ጥቁር እግር ከሆነ ትልቁ ኢግሬት ነው። ሁለተኛ፣ ከእርሱ አነስ ያለ፣ ጥቁር መንቁር፣ ጥቁር እግር፣ ጣቶቹ ግን ቢጫ ከሆኑ ስኖዊ ኢግሬት ነው። ሦስተኛ፣ አንገቱ አጠር፣ መንቁሩ አጭርና ቢጫ፣ ከውሃ ይልቅ ሣር ላይ የሚውል ከሆነ የከብት ኢግሬት ነው። አራተኛ፣ መንቁሩ ቀይና ወደ ታች የቆለመመ ከሆነ ነጩ አይቢስ ነው። አምስተኛው አታላይ ነው፤ ትንሹ ሰማያዊ ሄረን ሲያድግ ሰማያዊ ይሆናል እንጂ በመጀመሪያው ዓመቱ ነጭ ነው። እርሱን የምትለዩት በአረንጓዴማ እግሩና በጥቁር የመንቁር ጫፉ ነው።

ይህ ዘዴ አገር ቤትም ይሠራል። ትልቁ ኢግሬትና የከብት ኢግሬት በኢትዮጵያ አሉ። በስኖዊ ምትክ ደግሞ ትንሹ ኢግሬት አለን፤ እርሱም ጥቁር መንቁርና ቢጫ ጣት አለው። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ዳር ቆማችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

የከብት ኢግሬትን ካነሣን፣ ከብት እየተከተለ ከሰኮናው ሥር የሚነሣውን ፌንጣ የሚለቅመው ያ የምታውቁት ነጭ ወፍ ነው። ለአሜሪካ እንግዳ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከአፍሪካ ተነሥቶ አትላንቲክን በክንፉ ተሻግሮ በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ ታየ። ያመጣው ሰው የለም። በ1953 ፍሎሪዳ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ተገኘ። የከብት እርባታው ሲስፋፋ እርሱም አብሮ ተስፋፋና ዛሬ በአሜሪካ በየግጦሹ ይታያል።

ፓርኩን በሰሜን በኩል የሚያዋስነው ታማያሚ የተባለው አውራ ጎዳና ነው። በዚህ አካባቢ ስኔይል ካይት የሚባል ጭልፊት እናያለን። ምግቡ ቀንድ አውጣ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀጭኑ ቆልማማ መንቁሩም ቀንድ አውጣውን ከቅርፊቱ ለማውጣት የተሠራ ነው። በ2000ዎቹ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ትልቅ ቀንድ አውጣ በፍሎሪዳ ተዛመተ። ጭልፊቱን ይጎዳዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለኩ ያገኙት ሌላ ነው። መንቁራቸው ተለቅ ያሉት ጫጩቶች በብዛት በሕይወት ተረፉ፤ በአሥር ዓመት አካባቢ የወፉ አማካይ የመንቁር መጠን አደገ። የወፉም ቁጥር ማንሰራራት ጀመረ።

ታማያሚ መንገድ ለእኛ ወፍ ማያ ይሁን እንጂ ለውሃው ግድብ ሆኖበት ኖሯል። በ1928 ሲጠናቀቅ ወደ ደቡብ የሚፈሰውን ውሃ አቋርጦ ተዘረጋ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የኦኪቾቢን ሐይቅ አገንፍሎ ከ2,000 በላይ ሰው ገደለ። በ1947 ደግሞ ከባድ ጎርፍ መጣ። ሰዎቹ ውሃውን ቢፈሩት አይፈረድባቸውም። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ግዙፍ የጎርፍ መከላከያ ፕሮጀክት አጸደቀ፤ ቦዩ ተቆፈረ፣ ግድቡ ተሠራ፣ መቆጣጠሪያ በሩ ተተከለ። ከተሞቹ ከጎርፍ ዳኑ፣ የሸንኮራ እርሻው ሰፋ። ከጥንቱ ኤቨርግሌድስ ግን ግማሽ ያህሉ ጠፋ። የቀረውም ውሃ የሚያገኘው ሰማዩ ሲፈቅድ መሆኑ ቀርቶ በሩ ሲከፈትለት ሆነ። የሚራቡት የውሃ ወፎች ቁጥር ከ1930ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በአብዛኛው አሽቆለቆለ።

በ2000 ውሃውን ወደ ቀድሞ ፍሰቱ ለመመለስ የታቀደ ትልቅ የማገገሚያ ሥራ በሕግ ጸደቀ። ለዚሁ ዓላማ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ ጎዳናውን በከፊል በድልድይ ላይ አንሥቶ ውሃው ከሥር እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያው ድልድይ በ2013 ተጠናቋል። ወፎቹ ምላሽ መስጠት እንደሚችሉ ደግሞ በ2018 ታየ። በ2017 ዝናቡ እጅግ በዛ፣ መስከረም ላይም ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ አከለበት። ደረቁ ወቅት ሲገባ ውሃው ሳይቋረጥ ቀስ በቀስ ጎደለ። በዚያ በልግ በኤቨርግሌድስና በአካባቢው ከ130,000 በላይ ጎጆ ተቆጠረ፤ ለአሥርት ዓመታት ያልታየ ቁጥር ነው። ሙላቱም ጉድለቱም ጊዜውን ሲጠብቅ የሚሆነው ይኸው ነው።

(የባሕር ሞገድ ድምፅ)

ሦስተኛው ማረፊያችን ፍላሚንጎ ነው። የመኪናው መንገድ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ ፍሎሪዳ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ማንግሮቭና ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። እዚህ ሰዓት የሚቆርጠው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ባሕሩ ሲጎድል ወፎቹ በጭቃው ሜዳ ላይ ርቀው ይበተናሉ፤ ሲሞላ ውሃው እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ልምድ ያለው አስጎብኚ ቡድኑን የሚያቆመው ባሕሩ መሙላት ሲጀምር፣ ፀሐይዋን ከጀርባ አድርጎ ነው።

ሮዝማው ወፍ ስፑንቢል ነው። መንቁሩ ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ ይሰፋል፤ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ውሃውን ያጭዳል። ቀለሙን የሚያገኘው ከሚመገባቸው እንደ ሽሪምፕ ካሉ ፍጥረታት ነው። ይህም ወፍ የውሃ ልክ አለው። የሚያድንበት የማንግሮቭ ውሃ ጥልቀት ወደ 13 ሴንቲሜትር ሲወርድ ትንንሾቹ ዓሦች ይታጎሩለታል። አሁን የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ ስለሆነ ውሃው እንደ ድሮው አይወርድለትም። ከፊሉ ከባሕሩ ደሴቶች ለቆ ወደ የብስና ወደ ሰሜን እየሄደ ነው።

አሸዋው ላይ መንቁራቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው በቡድን የቆሙት ጥቁርና ነጭ ወፎች ስኪመር ይባላሉ። የታችኛው መንቁራቸው ከላይኛው ይረዝማል። ሲበሩ አፋቸውን ከፍተው የታችኛውን ውሃው ላይ እየሰነጠቁ ይሄዳሉ፤ ዓሣ ሲነካው ላይኛው ይዘጋል። ብቻውን የሚሮጠው ደግሞ ቀይማ ኢግሬት ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ ዓሣ ያሯሩጣል፤ ድንገት ቆሞ ክንፉን ዘርግቶ ጥላ ይሠራል። ጥላው የፀሐይን ነጸብራቅ ይከለክልለታል።

ይህ ዳርቻ ደም የፈሰሰበት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ ማጌጥ ነበረበት። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የአእዋፍ ተመራማሪ በ1886 በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ሲዘዋወር 700 ባርኔጣ ቆጥሮ 542ቱ ላይ ላባ ወይም ሙሉ ወፍ አገኘ። በጣም የሚፈለገው ኢግሬት በመራቢያ ጊዜው ጀርባው ላይ የሚያበቅለው ስስ ላባ ነው። አዳኞቹ የሚመጡትም ወላጆቹ ጎጆ ላይ ባሉበት ወቅት ነበር፤ አንድ ወላጅ ሲገደል ጫጩቶቹ ጎጆ ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ። በ1896 ሃሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል የተባሉ ሁለት የቦስተን እመቤቶች ባልንጀሮቻቸውን ሻይ እየጋበዙ ላባ እንዳያደርጉ ማግባባት ጀመሩ። ከዚያ የማሳቹሴትስ ኦዱቦን ማኅበር ተወለደ።

ፍሎሪዳ ውስጥ ወፎቹን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ጋይ ብራድሌይ ይባል ነበር። በወጣትነቱ እርሱ ራሱ ላባ አዳኝ ነበር። ሐምሌ 8 ቀን 1905 ከፍላሚንጎ ፊት ለፊት ባለው ውሃ ላይ ወፍ ሲገድሉ የነበሩ ሰዎችን ሊያስቆም በጀልባ ሄዶ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ። የብራድሌይ ሞት ግን ሕዝቡን አስቆጣ። በ1918 የወጣው የተሻጋሪ ወፎች ሕግም የወፍ ላባ ንግዱን በሩን ዘጋው። ዛሬ በየረግረጉ በሺህ የምናያቸው ኢግሬቶች የዚያ ትግል ፍሬ ናቸው።

ስለ ቦታው ስም የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ፍላሚንጎ የተባለው ወፍ ድሮ እዚህ በብዛት ይታይ ነበር፤ አደን አጠፋው። በነሐሴ 2023 ኢዳሊያ የተባለው አውሎ ነፋስ ከሜክሲኮው ዩካታን በኩል ፍላሚንጎዎችን እየገፋ አምጥቶ በፍሎሪዳና ከዚያም አልፎ በተናቸው። ከፊሎቹ በፍሎሪዳ ቆይተዋል።

(ሙዚቃ፤ ከዚያ የጀልባ ሞተር ድምፅ)

የመጨረሻው ማረፊያችን ሩቅ ነው። ኪ ዌስት ከተባለችው ከተማ ተነሥተን በጀልባ ወደ ምዕራብ 110 ኪሎሜትር ያህል እንሄዳለን። ድራይ ቶርቱጋስ ሰባት ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ስፔናዊው ፖንሴ ዴ ሌዮን በ1513 ሲደርስ ያገኘው ኤሊዎችን ስለሆነ ስሙን ከእነርሱ ወሰደ። የሚጠጣ ውሃ የለም። በአንዱ ደሴት ላይ ከ1846 ጀምሮ 16 ሚሊዮን ገደማ ጡብ የፈሰሰበት፣ ግን ተሠርቶ ያላለቀ ምሽግ ቆሟል።

ከምሽጉ አጠገብ ባለው ቡሽ ኪ ደሴት ላይ ሱቲ ተርን የተባሉ የባሕር ወፎች በብዙ አሥር ሺዎች ይራባሉ። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ ነው። ወፎቹ እንዳይረበሹ በመራቢያ ወራት ደሴቷ ለጎብኚ ትዘጋለች፤ ከምሽጉ ቅጥር ላይ ሆነን እናያቸዋለን። ወጣቶቹ አድገው ሲበሩ አትላንቲክን ተሻግረው እስከ ምዕራብ አፍሪካ ባሕር እንደሚደርሱ በእግራቸው ላይ በታሰረ ቀለበት ተረጋግጧል። ለመራባት የሚመለሱት ከዓመታት በኋላ ነው። በ1907 ጆን ዋትሰን የተባለ ሳይንቲስት ከእነዚህ ወፎች ጥቂቶቹን በመርከብ ወስዶ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ርቆ በሰሜን ካሮላይና በኬፕ ሃተራስ ለቀቃቸው። ከቀናት በኋላ ከፊሎቹ ጎጆዋቸው ላይ ተገኙ።

በሚያዝያ ግን ወፍ ተመልካቾችን የሚስበው ሌላ ነው። የመካከለኛውንና የደቡብ አሜሪካን ሙቀት ፈልገው የከረሙ ትንንሽ ወፎች ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ከኩባና ከዩካታን ማታ ተነሥተው ሌሊቱን ባሕር ላይ ይበራሉ። ከእነርሱ መሐል ክብደቱ 3 ግራም ገደማ የሆነ ቀይ ጉሮሮ ያለው ሃሚንግበርድ አለ። ከኋላቸው መልካም ነፋስ ካለ ደሴቶቹን አልፈው ይሄዳሉ፤ ምንም አናይም። የሰሜን ነፋስና ዝናብ ፊት ለፊት ከመታቸው ግን ያገኙት የብስ ላይ ይወድቃሉ። ያን ጊዜ በምሽጉ ግቢ በእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ ወፍ ይታያል። ለተመልካቹ ሠርግ ነው፤ ለወፉ ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ያ ከአፍሪካ የሄደው የከብት ኢግሬትም እዚህ ይገኛል። መንገድ ስቶ የወረደ ነው። ከብት የለም፣ ፌንጣ እንደልብ የለም። ርቦት የደከሙትን ትንንሽ ወፎች እያሳደደ ሲውጥ ይታያል። እንዲህም ሆኖ ብዙዎቹ ከስተው እዚያው ይሞታሉ። አትላንቲክን የተሻገረ ዘር በዚህች ትንሽ ደሴት ይሸነፋል።

አስጎብኚዎች እዚህ ጥብቅ ደንብ አላቸው። የደከመን ወፍ አታሳድዱ፤ እናንተን ለመሸሽ የሚያወጣው ጉልበት ለቀሪው መንገድ የሚያስፈልገው ነው። የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰማችሁ አትጥሩት። ጎጆ አትቅረቡ። ወፉ ምግቡን ትቶ እናንተን ማየት ከጀመረ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ፍሎሪዳ ድረስ የወሰድኳችሁ ወደ ቤታችንም እንድናይ ነው። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ነጫጭ ፔሊካኖች ይራቡ ነበር። ሻላ ዓሣው ጥቂት ስለሆነ ምግብ ፍለጋ አጠገቡ ወዳለው ወደ አብጃታ ይበሩ ነበር። አብጃታ ጥልቀት የለውም፤ የሚኖረው በዋናነት ከዝዋይና ከላንጋኖ በሚመጣለት ውሃ ነው። ውሃው ከላይ ለመስኖ ሲወሰድ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ዓሣ በሊታዎቹ ወፎችም የሚመጡበትን ምክንያት አጡ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። በፍሎሪዳ በየዓመቱ የሚጎድለው ውሃ በየዓመቱ ተመልሶ የሚሞላ ነው፤ ያ ጉድለት ወፉን ይመግበዋል። ጎድሎ የማይመለስ ውሃ ግን ወፉንም፣ ዓሣ አጥማጁንም፣ ከብት አጠጪውንም አብሮ ያባርራል።

ፍሎሪዳ ቦዩን ለመቆፈርና ግድቡን ለመሥራት ገንዘብ አፈሰሰች፤ አሁን ደግሞ ያንኑ ለማስተካከል በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እየወጣ ነው። እኛ ከዚህ የምንማረው፣ ውሃ ከመጥለፋችን በፊት ያ ውሃ በየወሩ ማንን እንደሚያበላ መጠየቅን ነው።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በአቅራቢያችሁ ሐይቅ፣ ኩሬ ወይም ረግረግ ካለ፣ በየወሩ አንድ ቀን ጠዋት ሂዱ። ውሃው ከየትኛው ድንጋይ ወይም ዛፍ እንደደረሰ ጻፉ። ያያችኋቸውን ወፎች በመንቁርና በእግራቸው ለይታችሁ ቁጠሩ። መምህራን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዓመት ሲሞላ በእጃችሁ ያለው ደብተር ስለ አካባቢያችሁ ውሃ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ማስረጃ ይሆናል። ያንን ማስረጃ ይዛችሁ ለቀበሌያችሁ፣ ለወረዳችሁ ተናገሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)